አዲስ ሲፒዩ ገዝታችሁ ኤክስፒ ጫንልን ለምትሉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ሰላም ለናንተ ይሁን።

ባለፈው ሰሞን መስሪያ ቤቶች ውስጥ ስላሉ ያረጁ ኮምፒውተሮች ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤው ነበር፣ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰራተኛውን አዲስ ነገር የሚፈራ፣ መማር የማይፈልግ አርጋችሁ ነው ያቀረባችሁት። እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፣ መገናኛ ትንሽዬ ሱቅ አለችኝ፣ ቢሮዎችም ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፣ እና እስካሁን በድሮዎቹ ዊንዶውሶች፣ ኤክስፒ ላይ ወይ ዊንዶውስ 7 ላይ የቀረ ሰው ባየሁ ቁጥር ከኋላው የታሰረበት አንድ ፕሮግራም አላጣም። ሰውየው ዊንዶውን ወዶት አይደለም፣ ፕሮግራሙን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ያንን አሮጌ ነገር በግድ አዲስ ማሽን ላይ ልጫን ሲባል ነው፣ እሱን ነው ልነግራችሁ የፈለኩት።

በ2012 ጥር ላይ ነው፣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን መደገፍ በቃኝ ያለ ሰሞን (ጥር 5 ነበር)፣ ከአንድ መስሪያ ቤት ተደወለልኝ። ስሙን ልተወው። ዘጠኝ አዲስ ኮምፒውተር ገዝተናል መጥተህ ኤክስፒ ጫንልን አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ የደወሉት ሴትዮ ግን አልሳቁም። ስደርስ ካርቶኖቹ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል፣ የስክሪኖቹ ላስቲክ ገና አልተላጠም፣ 9ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል፣ 8 ጊጋ ራም፣ ለዛ ጊዜ ምን የመሰለ እቃ። እትዬ (የፋይናንስ ሃላፊዋን እንደዛ ነው የምላቸው፣ ያኔ ጡረታቸው ቀርቦ ነበር) እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። እዛ አንዲት ወደ ቢጫነት የሄደች ሲፒዩ ዳንቴል ለብሳ ተቀምጣለች፣ የፍሎፒ ማስገቢያዋ በፕላስተር ተለጥፏል። "የሰው ሁሉ ደሞዝ እዚች ውስጥ ነው ያለው ልጄ" አሉኝ።

ፕሮግራሙ በፎክስፕሮ (የድሮ የመረጃ ቋት መስሪያ) የተሰራ የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ባለ ጥቁር ስክሪን) ፕሮግራም ነው። የሰራላቸው ልጅ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ቆይቷል፣ ሶርስ ኮዱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። እትዬ ግን እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት፣ ኪቦርዱን ሳያዩ ቁጥር ያስገባሉ፣ ኮንትሮል ደብሊው ሲጫኑ ሴቭ ይሆናል፣ ያልቃል። (አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ኢንተርኔት ከፍቼላቸው ያንኑ ኮንትሮል ደብሊው ሲጫኑ ገጹ ድርግም ብሎ ተዘጋባቸው፣ "ይሄ እቃ አልወደደኝም" አሉኝ።) እንግዲህ እኚህን ሴትዮ ነው ለውጥ ፈሪ የምትሏቸው።

ሲገዛ ግን ይሄ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ይሰራል ወይ ብሎ እሳቸውን የጠየቀ የለም። ሶስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል፣ ሞዴል 19 ተቆርጦ እቃው ገቢ ሆኗል፣ አለቀ። አዲሶቹ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ይዘው ነው የመጡት (ቢቱ ባንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የመረጃ ስፋት ነው)፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ደሞ የድሮ 16 ቢት የዶስ ፕሮግራም ጨርሶ አይከፍትም፣ ማስኬጃው ውስጡ የለም። 32 ቢቱ ዊንዶውስ 10 ይከፍት ነበር፣ አንድ ጓደኛዬ ለምን እሱን አልጫንክም ብሎ እስካሁን ይጨቀጭቀኛል፣ ግን እሱም ከ4 ጊጋ ራም በላይ አይጠቀምም፣ ከሱ በኋላ የመጣው ዊንዶውስ 11 ደሞ 32 ቢት የሚባል ነገር የለውም፣ ስለዚ ችግሩን ለሌላ አመት ማሻገር ብቻ ነው የሚሆነው።

እንደማይሆን እያወኩ እሺ እሞክራለሁ አልኩ፣ ሰው በአይኑ ካላየ አያምንማ። መጀመሪያ ዊንዶውስ 7ን በፍላሽ አስነሳሁ። የቋንቋ መምረጫው ገጽ ድረስ መጣና ቆመ፣ ማውዙም አይንቀሳቀስ ኪቦርዱም አይሰራ። እትዬ ከኋላዬ ሆነው "ማውዙ ተበላሽቶ ነው የመጣው እንዴ፣ አሁን ከካርቶን የወጣ ነው እኮ" ይላሉ። ማውዙ ምንም አልሆነም። ዊንዶውስ 7 የወጣው እ.ኤ.አ በ2009 ነው፣ ዩኤስቢ 3 ገና ሳይለመድ፣ አዲሱ ማዘርቦርድ ላይ ያሉት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች በሙሉ ደሞ በዩኤስቢ 3 መቆጣጠሪያ ነው የሚሰሩት፣ የ7 መጫኛ ውስጥ ለሱ የሚሆን ድራይቨር (ዊንዶው እቃውን የሚያናግርበት ፕሮግራም) የለም፣ ስለዚ ራሱ ዊንዶው ማውዝ መሰካቱንም አያውቅም። ክቧ የድሮ የኪቦርድ ሶኬት ያላቸው ማዘርቦርዶች ላይ እሷ ታድናለች፣ እነዚህ ላይ እሷም አልነበረችም። ድራይቨሩን ፍላሹ ውስጥ አስገብቶ መጫን ይቻላል፣ አርገነዋልም ስንቴ፣ ግን ከ7ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 7 ላይ ማይክሮሶፍት አልደግፍም ብሎ እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ አፕዴት ዘግቶበታል፣ ኢንቴልም ለ9ኛው ጀነሬሽን ግራፊክስ የ7 ድራይቨር አላወጣለትም፣ እና ስክሪኑ ተለጥጦና ደብዝዞ ይቀራል።

ኤክስፒው ደሞ የባሰ። ሲዲው ሰማያዊውን ገጽ አሳየ፣ ፋይል ጫነ ጫነና መጨረሻ ላይ 7ቢ የሚለውን ብሉ ስክሪን (ዊንዶው ሲወድቅ የሚያሳየውን ገጽ) ሰጠኝ። ይሄን ቁጥር ያላየ ጠጋኝ ያለ አይመስለኝም። ዲስኩን ማግኘት አልቻልኩም ማለት ነው። ኤክስፒ እ.ኤ.አ በ2001 ሲወጣ ሀርድ ዲስክ የሚያውቀው በድሮው አይዲኢ መንገድ ነው፣ ለአዲሱ የዲስክ መንገድ፣ ለሳታው ኤኤችሲአይ፣ ድራይቨር የለውም፣ ከፈለክ ኤፍ6 ተጫንና በፍሎፒ ስጠኝ ይላል። ፍሎፒ! ድሮ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶው የሚቀድመው ማስተካከያ) ገብቶ ኤኤችሲአዩን ወደ አይዲኢ መቀየር ነበር መላው፣ እነዚህ ማዘርቦርዶች ላይ ያ ምርጫ ተነስቷል። አሁን በቅርብ የሚመጡት ደሞ ብዙዎቹ የድሮውን ባዮስ አሰራር ጭራሽ ትተውታል፣ ኤክስፒ ሊጀምርም አይችልም። ቢነሳልኝስ ኖሮ፣ 32 ቢት ስለሆነ ከ8ቱ ጊጋ 3 ከምናምኑን ነው የሚያየው፣ ፎቅ ሰርቶ ምድር ቤት እንደመኖር በሉት። በነገራችን ላይ ይሄ ነገር አዲስ አይደለም፣ ዊንዶውስ 95 ራሱ ኤኤምዲ ኬ6-2 ባለ 350 ሜጋኸርዝ ሲመጣ ማሽኑ ስለፈጠነበት ብቻ ሲነሳ ይወድቅ ነበር። ዊንዶውስ 98ም ከ512 ሜጋ በላይ ራም ሲሰጡት ይታመማል። እድሜ ልካችንን ይፍጠንልን ስንል ኖረን መፍጠኑ የሚያሳምመው ነገር አለ።

መጨረሻ ላይ ያደረኩት ቀላል ነው፣ ለዛውም በነጻ። አዲሱን ዊንዶውስ 10 እንዳለ ተውኩት፣ ላዩ ላይ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ የውሸት ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ጫንኩ፣ ኤክስፒን እዛ ውስጥ አስገባሁት፣ 512 ሜጋ ራም ሰጠሁት፣ እሱ አይዲኢ ዲስክ ይፈልጋል ቨርቹዋልቦክሱ አይዲኢ ነኝ ብሎ ይዋሸዋል፣ ሰላም ነው። የኔትወርክ ካርዱን አጠፋሁበት። የፎክስፕሮውን ፎልደር ከቢጫዋ ኮፒ አርጌ አስገባሁና እትዬን ጠራሁ። ቁጭ አሉ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ሁለት ሶስት ቁልፍ ነኩና ያው ስክሪናቸው መጣ። ምንም አላሉም፣ ዝም ብለው የወሩን ሊስት ማስገባት ጀመሩ።

ሁለት ቀን ያንገላታኝ ፕሪንተሩ ነው። ኤፕሰን ዶት ማትሪክስ ናት፣ በካርቦን ወረቀት የምታትም፣ ጩኸቷ ከታች ፎቅ የሚሰማ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ነው፣ ኤልፒቲ1 የሚባለውን የድሮ የፕሪንተር በር፣ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ደሞ ያ ሰፊ ሶኬት የለም። ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ገዛሁ፣ ዊንዶው አየው፣ የዶሱ ፕሮግራም ግን አያየውም። በኋላ ኤክስፒው ውስጥ ፕሪንተሩን ሼር አርጌ በአንድ መስመር ትእዛዝ ኤልፒቲ1ን ወደሱ አዞርኩት፣ ኔትወርክ ስላጠፋሁበት ደሞ ሉፕባክ የሚባለውን የውሸት ኔትወርክ ካርድ መጨመር ነበረብኝ። ስትጮህ የሰማኋት ጊዜ ደስታዬን አትጠይቁኝ። አሁን መላው የደሞዝ ስርአት አንድ ፋይል ነው፣ በየወሩ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ ኮፒ ይደረጋል፣ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ሌላ ላይ ይከፈታል። ቢጫዋ ብትቃጠል ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ኔትወርኩን ለምን አጠፋህ ላለኝ የአይቲ ልጅ ያልኩትን ለናንተም ልበል። ግንቦት 2009 ላይ ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ አለምን ሲያምስ የገባው በፋይል ማጋሪያው ቀዳዳ ነው፣ ማንም ምንም ሳይከፍት ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየዘለለ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰው ነበር። ማይክሮሶፍት ኤክስፒን መጋቢት 30 ቀን 2006 ከተወው 3 አመት አልፎት ሳለ ተመልሶ ለሱ መድፈኛ አወጣ። እውነቱን ለመናገር በብዛት የተመቱት አፕዴት ያልተደረጉ ዊንዶውስ 7ቶች ናቸው፣ ኤክስፒ ላይማ ቫይረሱ ራሱ አልሄድ ብሎት ብዙ ጊዜ ብሉ ስክሪን ነበር የሚያመጣው። ሆኖም የፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ለሚሰካበት ኤክስፒ እኔ ኢንተርኔት አልሰጥም። ደሞ ሌላ ነገር፣ ለአዲስ ማሽን የተዘጋጀ ኤክስፒ ነው እየተባለ ድራይቨር የተጠቀጠቀበት ሲዲ የሚያዞሩ ልጆች አሉ። ማን እንደነካካው ምን እንደጨመረበት አይታወቅም፣ የደሞዝ ፋይል እሱ ላይ ማስቀመጥ ገንዘብን ለማያውቁት ሰው አደራ መስጠት ነው።

ኤክስፒ ጫንልን ከሚሉኝ ውስጥ ከግማሽ የማያንሱት ደሞ ኤክስፒ ጭራሽ አያስፈልጋቸውም፣ የሚፈልጉት ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል) ነው። የድሮ ቃለ ጉባኤ አዲሱ ላይ ሲከፍቱት የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆንባቸዋል፣ ከዛ አዲሱ ኮምፒውተር አማርኛ አያነብም ይላሉ። የድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ፎንቱ ከሌለ ስሩ ያለው ላቲን ብቅ ይላል፣ ጽሁፉ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ በ1999 ዩኒኮድ (አለም አቀፉ የፊደል ቁጥር ስርአት) ለፊደሎቻችን የራሳቸውን ቁጥር ሰጠ፣ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መምጣት ጀመረ። ስለዚ የድሮውን ፎንት ከአሮጌው ኮምፒውተር ኮፒ አርጋችሁ አዲሱ ፎንትስ ፎልደር ውስጥ ጣሉት፣ አብዛኛው ይነበባል፣ ቀስ እያላችሁ ደሞ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። ለዚህ ብዬ ገንዘብ ተቀብዬ አላውቅም።

አሁን ደሞ ተረኛው ዊንዶውስ 10 ነው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ የነጻ ድጋፉ ቆመ። 11ዱ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ይላል፣ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ይላል፣ ሱቄ የሚመጣው ግማሹ ግን ከዱባይ የገባ ዩዝድ 4ኛና 6ኛ ጀነሬሽን ነው። እሱ ሌላ ጉድ ነው፣ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። የጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ግን ስፔሲፊኬሽን ከመጻፋችሁ በፊት የደሞዟን ሴትዮ ወይ የመዝገብ ቤቱን ጸሃፊ ጠርታችሁ በምንድነው የምትሰሩት፣ በምንስ ነው የምታትሙት ብላችሁ ጠይቁ፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

እትዬ ጡረታ ወጥተዋል፣ ፕሮግራሙን አሁን የምትሰራበት አንዲት ወጣት ልጅ ናት፣ ኮንትሮል ደብሊውን ከሳቸው ተምራ። ቢጫዋ ዳንቴሏን ለብሳ እዛው ጥግ አለች፣ ንብረት ክፍል ሊያስወግዳት መጥቶ ልጅቷ አላስነካም አለች አሉ።

እናንተንም ልጠይቃችሁ። ድሮ ጋዜጦቻችን የሚሰሩት ባብዛኛው በፔጅሜከር (የአዶቤ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ነበር፣ የመጨረሻው 7ኛው ቨርዥን የወጣው ኤክስፒ በወጣበት አመት በ2001 ነው፣ አዶቤ በ2004 ማሳደጉን አቁሟል (ሁለቱም እ.ኤ.አ)። የቆዩት እትሞቻችሁ ፋይል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ፣ ያ ፎንትስ አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ዝግጅት ክፍላችሁ ውስጥ አለ?

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከመገናኛ፣ አዲስ አበባ