የኦ ክፍል ምዝገባ ሳይጀመር፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ሥራ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት በቅድመ አንደኛ ደረጃ ስለማስተማር

በቅድመ አንደኛ ደረጃ (ከ1ኛ ክፍል በፊት ባለው ኦ ክፍል) እና በልዩ ፍላጎት ትምህርት የምንሠራ መምህራን ነን። የሕጉን ነገር አንደግመውም፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ካጸደቀች ቆይታለች። የምንጽፈው ልጁ በሩ ላይ ሲደርስ ስለሚገጥመው ነው።

መጀመሪያ የሚገጥመው የምዝገባ ቅጽ ነው። ቅጹ «አካል ጉዳት፦ አለ/የለም» ብሎ ሲጠይቅ እናት «የለም» ትላለች። ሰው እንዳይሰማባት፣ ወይም «አለ» ብትል ልጇን ይመልሱብኛል ብላ ፈርታ ነው። ያልተቆጠረ ልጅ ደግሞ በጀት የለውም። ዩኒሴፍና የአካል ጉዳት መረጃ አሰባሰብ ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፉ የዋሽንግተን ቡድን ያዘጋጁት የሕፃናት መጠይቅ «ጉዳት» የሚለውን ቃል ሳያነሣ ልጁ በማየት፣ በመስማት፣ በመራመድ፣ በመግባባት ይቸገር እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱም አራት ነው፦ ምንም አይቸገርም፣ ትንሽ ይቸገራል፣ በጣም ይቸገራል፣ ጨርሶ አይችልም። በዚህ መንገድ ሲጠየቁ ወላጆች እውነቱን ይናገራሉ። «በጣም» እና ከዚያ በላይ የተባለለት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ግን ትምህርቱን ይጀምር። «ሽንት ቤት ብቻውን ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄም ሞግዚቷ ምን ዓይነት እገዛ እንደምትሰጥ ለማወቅ እንጂ ልጁን ለመመለስ አይዋል።

ሁለተኛው ወንበሩ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ብዙ ልጅ የሚቀረው ግን እዚህ ላይ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባት የ5 ዓመት ልጅ ለትልልቆቹ በተሠራ ዴስክ ላይ ስትቀመጥ እግሯ ይንጠለጠላል። እግሯ ካልረገጠ ወገቧ አይጸናም፤ ወገቧ ካልጸና እጇ ጠረጴዛውን ሙጥኝ ብሎ ይውላል እንጂ እርሳስ አይጨብጥም። መምህሯም «መጻፍ አትችልም» ብላ ትመዘግባለች። መፍትሔው ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ ለክቶ ወንበሩን በዚያው ከፍታ ማድረግ ነው፤ ካልሆነም ከእግሯ ሥር የማይንሸራተት ጣውላ ማስቀመጥ።

በደረጃ ፈንታ የሚሠራው ተዳፋት የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫም እንዲሁ ልኬት አለው፤ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት። 30 ሳንቲ ሜትር ደረጃ ላለው በር 3 ሜትር ከ60 ያስፈልጋል። ሲሚንቶ ለመቆጠብ በ1 ሜትር ሲጨረስ ተሽከርካሪ ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሽንት ቤቱ ጋ የማያደርስ መወጣጫ ከሆነ ደግሞ ልጁ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል።

መስማት ስለተሳናቸው ልጆች ሐሳባችን ከብዙዎች ይለያል። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ስለሆነ ቤት ውስጥ ምልክት ቋንቋ የሚያስተምራቸው የለም። አንዱን ልጅ ምልክት ቋንቋ የማይችል መምህር ባለበት፣ 50 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ብቻውን ማስገባት አካቶ አይባልም፤ ቋንቋ የሚያፈራባቸው ዓመታት ዝም ብለው ያልፉበታል። በየጉድኝት ማዕከሉ (በአንድ የተቧደኑ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች) አንድ ትምህርት ቤት ይመረጥና ልጆቹ በአንድነት ይግቡ፤ ራሱ መስማት የተሳነው አዋቂ ረዳት ሆኖ ይቀጠርላቸው። ለዚህ ሥራ የምልክት ቋንቋ ብቃት ከዲፕሎማ እኩል ይቆጠርልን።

በከፊል ለሚሰሙት የሚያስፈልገው ያንሳል። መምህሯ ጀርባዋን ለመስኮት ሰጥታ ከቆመች ፊቷ ይጨልማል፤ ከንፈሯን ማንበብ አይቻልም። ፊቷ ወደ ብርሃን ይዙር፣ ልጆቹም በግማሽ ክብ ይቀመጡ።

ለዓይነ ስውራን ሕፃናት ስሌትና ስታይለስ (የብሬይል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ) መግዛት በኦ ክፍል አይቀድምም፤ ጣት ነው የሚቀድመው። ባለ 30 የእንቁላል ትሪ ሲቆራረጥ ባለ 6 ጉድጓድ 5 ቁራጭ ይወጣዋል፦ በቁመት 3፣ በወርድ 2፣ ልክ እንደ ብሬይል። ልጁ የወረቀት ድብልብል እየከተተ «ላይ ግራ፣ መሐል ቀኝ» ይማራል። ይህን ሳያውቅ 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ ጓደኞቹ ፊደል ሲቆጥሩ እሱ ነጥብ ይፈልጋል።

ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያስለቅሰው የድምፅ ማጉያውና ሳይነገረው የሚመጣው ለውጥ ነው። ሰልፉን ከማጉያው ርቆ ይቁም፤ የቀኑን ውሎ የሚያሳዩ 5 ሥዕሎች (ሰልፍ፣ ክፍል፣ ምግብ፣ ጨዋታ፣ ቤት) በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይሰቀሉለትና ያለፈውን በየተራ ያውርድ።

ይህ ሁሉ ርካሽ ነው። ርካሽ ያልሆነው ሰው ነው። የድጋፍ መስጫ ማዕከላት ተዘዋዋሪ መምህራን (ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ የሚያግዙት የልዩ ፍላጎት መምህራን) ቢያንስ በሳምንት 1 ቀን ለኦ ክፍል እንዲመደቡ፣ የትራንስፖርት አበላቸውም በወረዳው በጀት ራሱን የቻለ ርዕስ እንዲኖረው እንጠይቃለን። ቅጹ ከነሐሴ በፊት ካልተቀየረ የመስከረሙ ምዝገባ በአሮጌው «አለ/የለም» ይካሄዳል። መልሳችሁን እስከ ሰኔ መጨረሻ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቅድመ አንደኛ ደረጃና የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራን