ገንዘቡን ገና እንዳትልኪው

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። በስልክ ስናወራ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ መስመሩም ይቋረጣል። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ጻፍኩልሽ። የጎረቤታችን ልጅ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልሻለች፤ ጽሑፌ ካልተነበበሽ እሷን ጠይቂያት።

ወንድምሽ ለመጠጡ ይግባበት ያልሽውን፣ አዲስ አበባ ያለውን የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ማስታወቂያ አየሁት። ግቢው ያምራል፣ አልጋው ንጹሕ ነው። ዋጋውንም አየሁ፤ ካልተበደርሽ በቀር ከየት እንደምታመጪው አልገባኝም። "ሦስት ወር ይግባና ድኖ ይውጣ፣ እማ" ነው ያልሽኝ። ወንድምሽ ማዕከል ገብቶ መታከም የለበትም አልልም፤ ያስፈልገው ይሆናል። ግን እሱ በሁለተኛ ደረጃ የሚመጣ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን፣ መጠጡን የሚያቆምበትን አንድ ሳምንት ዘለን እዚያ ብናስገባው ሊሞትብን ይችላል።

አንቺ የምታውቂው መጠጣት የጀመረ ሰሞን የነበረውን ወንድምሽን ነው። ቱሪስት ጠፍቶ ጀልባዎቹ ዳር ላይ ታስረው መዋል ሲጀምሩ ከሰዓት የጫት በርጫ ነበር፣ ማታ ምርቃናውን ለማብረድ የጨብሲ መጠጥ። ያ አለፈ። አሁን ጠዋት ሲነቃ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ አንድ መለኪያ አረቄ ሲያደርግ ይረጋል። ሰፈሩ "ሐራራ ነው" ብሎ ይስቃል። የጫት ሐራራና ይሄ አንድ አይደሉም። ጫት ያቆመ ሰው ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል፣ ቅዠት ያስቸግረዋል፤ ይህን ነው የሚባል መድኃኒትም የለውም፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትዕግሥት ነው። ድብርቱ ካልለቀቀው ለብቻው ይታከማል። አረቄ ግን ሌላ ነው።

እኔ በነርስነት ዘመኔ ያየሁትን ላስረዳሽ። አልኮል አእምሮን ይጫነዋል። በየቀኑ የሚጫኑት አእምሮ ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ራሱን ያፈጥናል። መጠጡ ድንገት ሲቀር ጫናው ይነሣል፣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ይቀራል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት መንቀጥቀጡና ላቡ ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ልክ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ደግሞ ከባዱ አለ፤ ቀንና ሌሊት ይቀላቀልበታል፣ የሌለ ሰው ያያል፣ ትኩሳቱና ግፊቱ ይንራል። ሐኪሞቹ ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ሁሉም ሰው ላይ አይመጣም፤ የመጣበት ሰው ካልታከመ ግን ይገድላል። ሄሮይን ያቆመ ሰው እንኳ ስቃዩ ይበዛል እንጂ በማቆሙ የሚሞተው ጥቂት ነው። ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም፤ አረቄ በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ ማንም አይፈራውም።

ባለፈው ዓቢይ ጾም መግቢያ የሆነውን ባጭሩ ነበር የነገርኩሽ። "ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ" አለ፤ ሰው ሁሉ መረቀው። በሁለተኛው ሌሊት ወጥ ቤቱ በር ላይ ወደቀ። ምላሱን ነክሶ አፉ ደም በደም ሆነ። አንዱ ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ሊያሸተው መጣ፣ ሌላዋ "ለክፎት ነው" አለች። በጎኑ አስተኝቼ፣ ራሱ ሥር ጋቢ አድርጌ፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳይከቱ ተከላከልኩ። ሲነጋ የወሰድነው ክሊኒክ ግሉኮስ ሰቀለለትና ሸኘን። ስንት ዓመት እንደጠጣ የጠየቀ የለም።

የግሉኮሱን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። በከተማችን የደከመው ሁሉ ግሉኮስ ይሰቀልልኝ ይላል፤ የሰከረም፣ ያልበላም። ለብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ታያሚን፣ ቫይታሚን ቢ1 ማለት ነው፣ ተሟጥጧል። ስኳሩን ለማቃጠል ደግሞ ያው ቫይታሚን ያስፈልጋል። ግሉኮሱ ብቻውን ሲገባ የቀረችውንም ይጨርስና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል፤ ዓይኑ ይንሸዋረራል፣ አረማመዱ ይጠፋል፣ ይዘባርቃል። ዘግይቶ ከተደረሰበት ደግሞ የማስታወስ ችሎታው ላይመለስ ይችላል። ታያሚኑ በመርፌ ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ መሰጠት አለበት። ርካሽ መድኃኒት ነው፤ የሚረሳውም ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል።

"ወንድ ከሆነ ቆርጦ ይተው" ያልሽውንም ሰምቻለሁ። ልጄ፣ ቆርጦ መተውን እኛ አገር እንወደዋለን። ግን እንዲህ ድንገት ባቆመና መልሶ በጀመረ ቁጥር የሚቀጥለው ማቆም ይበልጥ ይከብደዋል፤ አንዴ የጣለው ሰው እንደገና የመውደቅ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ስለዚህ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ አይሞከርም። አጎትሽ "ዘጌ ይምጣና ከኔ ጋር ቡና ሲለቅም ይተወዋል" ማለቱም ከፍቅር ነው፤ ሌሊት ቢወድቅ ግን በየትኛው ጀልባ ነው የምናወጣው? ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድም እንደምታውቂው ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢሆንም እየተንቀጠቀጠ አሳፍሬ አልልከውም።

የመጀመሪያው ሳምንት እንግዲህ እዚሁ ነው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ተኝቶ ሲታከም ዳያዜፓም መጀመሪያ በርከት ተደርጎ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በየቀኑ እየተቀነሰ በሳምንት ገደማ ያልቃል። አእምሮው ፍጥነቱን ቀስ ብሎ እንዲቀንስ ማለት ነው። ጉበቱ፣ ስኳሩ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይመረመራል። ዳያዜፓሙ ራሱ ሱስ ያስይዛል፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ይይዛል። ስለዚህ ወደ ቤት ቢሰጡን እንኳ ፍሬው እኔ እጅ ነው የሚሆነው፤ ተስማምቷል።

አዎ፣ ተስማምቷል። ሳልለምነው ራሱ "ሆስፒታል ውሰጂኝ" አለኝ። አዲስ አበባ ስለው ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ከማዕከል የወጣ ጓደኛው ታስሬ ነበር ብሎታል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ፍርሃቱ ግን እውነት ነው። ስለዚህ አንቺ በስልክ "ይታሰርም ቢሆን ይግባ" ስትዪ እሱ እንዳይሰማሽ።

ሌላም ነገር አለ። ኪሱ ውስጥ ትራማዶል አግኝቻለሁ። ለሕመም የሚታዘዝ ነው፣ ወገኑ ግን ከሞርፊን ጋር ነው፤ በብዛት ሲወሰድም እሱ ራሱ እንደሚጥል በሽታ ይጥላል። ለዚህ ነው ማዕከሉን ደውዬ ሳናግር ቅር ያለኝ። ያነሣው ልጅ ትሑት ነው፤ መጀመሪያ የጠየቀኝ ግን ክፍያው በስንት ዙር እንደሚሆን ነው። ምን ይወስዳል፣ መቼ ጠጣ፣ ጥሎት ያውቃል ወይ አላለኝም።

አንቺ እዚያው ስላለሽ ማዕከሉን በአካል ሄደሽ እዪልኝ። ሣሩን አትዪ። ሌሊት በስምንት ሰዓት አንድ ሰው ቢወድቅ ማን ነው የሚነሣው በያቸው። ነርስ ያድራል ወይስ ዘበኛ ብቻ? ሐኪሙ በስንት ቀን ይመጣል? የመድኃኒት መዝገብ ካላቸው ያሳዩሽ። ታካሚው እወጣለሁ ቢል ምን ያደርጋሉ? በር የሚቆልፉ፣ የሚያስሩ፣ የሚመቱ ከሆነ ወይም ቤተሰብ ለወራት አይጠይቅም ካሉ ተመልሰሽ ውጪ። ምክሩን የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ የተማረበትንም ጠይቂ፤ ራሱ ከሱስ የወጣ ሰው ቢኖራቸው ደስ ይለኛል፣ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። ከወጣ በኋላ ማን እንደሚከታተለው በተለይ ጠይቂ። እዚህ ላይ መልሳቸው "ድኖ ነው የሚወጣው" ከሆነ አላምናቸውም። የመንግሥቶቹ ሆስፒታሎች አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስም ሱስ ያክማሉ፤ ወረፋቸው እንዴት እንደሆነ እግረ መንገድሽን ጠይቂልኝ። ከግሉ የሚያንሱ አድርገሽ አትያቸው።

"በ28 ቀን" የሚለውን ማስታወቂያም አይቻለሁ። ከአሜሪካ የመጣ ልማድ ነው፤ ሰው በ28 ቀን ይድናል ብሎ ያረጋገጠ የለም። የአሜሪካው የአደንዛዥ ዕፅ ጥናት ተቋም ከ90 ቀን ያነሰ ሕክምና ውጤቱ ውሱን ነው ይላል። ይህን ሲል ግን 90 ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ማለቱ አይደለም፤ ተመላላሹም ይቆጠራል። ስለዚህ ለሦስት ወር አልጋ ያሰብሽው ገንዘብ ለአጭር መኝታና ለረጅም ክትትል ቢከፈል እመርጣለሁ።

አክስትሽ "የሚያስጠላው ኪኒን አለ አሉ፣ በሽሮው ጨምሪበት" ብላኛለች። ዳይሰልፊራምን ማለቷ ነው። አልኮል ሰውነት ውስጥ ሳይፈጭ መርዝ ሆኖ እንዲቆም ያደርጋል፤ በላዩ የጠጣ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ያስታውከዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። አንዳንዱን ይገድላል። ኪኒኑን ካቆመም በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ሊሠራ ይችላል፤ የድግስ ጠላ እንኳ በቂ ነው። አውቆና ፈርሞ የሚወስደው ነው እንጂ በሽሮ የሚበላ አይደለም፤ አክስትሽን በደንብ ተቆጥቻታለሁ። ናልትሬክሶን የሚባለው ደግሞ የመጠጡን ጥም የሚቀንስ ነው፤ ትራማዶል ከሰውነቱ ሳይወጣ ከተሰጠ ግን ከባድ ስቃይ ያመጣበታል፣ ሳምንት አሥር ቀን መጠበቅ አለበት። አካምፕሮሴትም አለ፤ ለእሱ ኩላሊቱ ይታያል። ሁለቱም በየፋርማሲው የሚደረደሩ ስላልሆኑ ሐኪሙ ካዘዘ እዚያ ታፈላልጊልኛለሽ።

ጠበሉን አልተውኩም። እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ፤ ግን ሆስፒታሉን ከጨረሰ በኋላ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጾሞ፣ በሌሊት ተጉዞ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር መቆም ለሚንቀጠቀጥ ሰው አይሆንም። የንስሐ አባቱን አማክሬአቸው "መድኃኒቱንም እግዚአብሔር ነው የሰጠን፣ እየወሰደ ይጠመቅ" ብለውኛል። በግዝት መጠጡን እንዲያስተዉት ብጠይቃቸው እምቢ አሉኝ። ግዝቱን ያፈረሰ ቀን ኀፍረቱ ይብስበትና ከኔም ከቤተ ክርስቲያንም ይሸሻል አሉ። ከማንም የሰማሁት ምክር እንዲህ ልቤ አልገባም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እኔን የሚያሳስበኝ። የሚመለሰው እዚያው ጀልባ ዳር ነው፤ ጫት ቤቱ በግራ፣ አረቄ ቤቱ በቀኝ። ቆይቶ የሚመለስ ሰው ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም፤ ትራማዶሉን እንደ ቀድሞው ቢወስድ አንድ ሌሊት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ይህን እሱም ማወቅ አለበት፤ ነግሬዋለሁ። የአጎትሽ ዘጌ ያኔ ነው የሚጠቅመን። ደግሞም አንድ ቀን ቢጠጣ "ገንዘቤን በላ" እንዳትዪ። ግፊት ያለበት ሰው ጨው በላ ብዬ ክኒኑን ነጥቄ አላውቅም።

ለጊዜው ከአንቺ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። የታያሚን መርፌ ሆስፒታሉ ውስጥ ካለቀ ከውጭ ግዙ ይሉናልና አሁኑኑ ፈልገሽ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። ቢ ኮምፕሌክስ ብለው እንዳይሰጡሽ፤ እሱ ውስጥ ያለችው ጥቂት ናት፣ ካርቶኑ ላይ ታያሚን ብቻ የሚል ይሁን። ሁለተኛው፣ ሰኞ ሊተኛ ነውና እሁድ ማታ ይደውልልሻል፤ አንሺለት። ስለ ማዕከሉ ግን አታንሺበት። ስለ ልጆቹ አውሪው፣ ትንሹን ስልኩ ላይ አስጠጊለት፤ እሱን ሲያናግር ድምፁ ይለወጣል።

እናትሽ