ለኃላፊነት ተወዳዳሪ ስለ ሰኔ ይጠየቅልን

ይድረስ ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን

ክቡር ኮሚሽነር፣ የጻፍኩልዎ ለቡድን መሪና ለዳይሬክተር ቦታ ስለሚደረገው ቃለ መጠይቅ ነው።

ተፈታኝም ፈታኝም ሆኜ ተቀምጫለሁ። ጥያቄው ያው ነው። «የጥሩ አመራር ባሕርያትን ዘርዝር።» ተወዳዳሪው በየጊዜው የመጡትን የአሠራር ማሻሻያ ስልቶች፣ ቢፒአሩን፣ ቢኤስሲውን፣ ካይዘኑን፣ እንደ ዳዊት ይደግማል። ነጥቡን ይወስዳል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሚገጥመው ግን ሌላ ነው።

ሰኔን ያስቡ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ከላይ «አፈጻጸማችሁ ወርዷል፣ ቶሎ ጨርሱ» የሚል ስልክ ይመጣል። አንዱ «ጨረታ ምን ያደርጋል፣ ቆራርጠን በፕሮፎርማ እንግዛው» ይላል። ከጨረታ ለማምለጥ ግዢን ከፋፍሎ፣ ከጥቂት ነጋዴዎች ዋጋ ብቻ ሰብስቦ መፈጸም ግን ክልክል ነው። የግዢ ባለሙያዋ «አልፈርምም» ትላለች። ኃላፊው ማንን ይስማ? ስልኩን ወይስ እሷን?

«ምን ታደርጋለህ?» ማለት ብቻውን አይበቃም። በወሬ ደረጃ ሁሉም ጀግና ነው። «እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞህ ያውቃል? ምን ወሰንክ? ማን ተቀየመህ? ከዚያስ?» ይባል። በእውነት የወሰነ ሰው ዝርዝር አያጣም። ያልወሰነው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «በጋራ ተወያይተን...» ይጀምራል። ኃላፊ ሆኖ የማያውቅ ተወዳዳሪ ይጎዳል እንዳይባል፣ የግዢ ወይም የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሥራው ይቆጠርለት። የዕድር ዳኝነቱም ቢሆን፣ እውነቴን ነው።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ። ፈታኞቹ ሳይመካከሩ ነጥብ ይስጡ፤ ሰብሳቢው ቀድሞ ከተናገረ የሌላው ነጥብ ያው የእሱ ነው። ሽሚትና ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን ሲፈትሹ፣ ወጥ ጥያቄ ያለው ቃለ መጠይቅ እንደመጣ ከሚጠየቀው በተሻለ የሥራ ውጤትን እንደሚያመለክት አግኝተዋል።

አዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ኃላፊዎቿንም ሠራተኞቿንም ለፈተና አስቀምጣለች። ፈተና አልጠላም። ግን «እምቢ» ማለትን ወረቀት አይለካም።

አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። ተወዳዳሪው «አለቃዬን እምቢ አልኩት» ሲል ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ያው አለቃ ሊሆን ይችላል። ማን እውነቱን ይናገራል? ስለዚህ ቢያንስ አንድ ፈታኝ ከሌላ መሥሪያ ቤት እንዲመጣ፣ የየፈታኙ ነጥብም ከነምክንያቱ ተጽፎ ተወዳዳሪው ሲጠይቅ እንዲያየው ኮሚሽኑ በመመሪያ ያስገድድልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
አዲስ አበባ