የእድራችንን ፓውንድ ከመያዛችሁ በፊት ቢሊዮኖቹ በማን በር አለፉ?

ለብሪታንያ የፋይናንስ ወንጀል ጉዳይ ለሚመለከተው ሚኒስትር

ክቡር ሚኒስትር፣

የእድራችን የባንክ ሒሳብ ታግዶብን ለባንካችንም ለተቆጣጣሪዎቹም አቤት ብለን ሰሚ አጥተናል፤ ስለዚህ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

በስታሊን ዘመን እስር ቤቶች ውስጥ ከመንግሥት ጋር ላለመተባበር የተማማሉት «ቮሪ» የሚባሉት ሌቦች፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ከባለሥልጣንና ከባለባንክ ጋር ተሻረኩ። ከዚያ ወዲህ የዘረፋ ገንዘብ ከሩሲያ የሚወጣበት ቀዳዳ አልጠፋም። በ1990ዎቹ መጨረሻ 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከሩሲያ ወጥቶ በባንክ ኦፍ ኒውዮርክ በኩል ሲያልፍ፣ መንገዱን ያመቻቸችው በለንደን የምትሠራ የዚያው ባንክ ኃላፊ ነበረች። ጥፋቷን ካመነች በኋላ በ2006 የተፈረደባት የስድስት ወር የቤት ውስጥ እስርና መቀጮ ነው።

ከ2010 እስከ 2014 ደግሞ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። እዚህ ብሪታንያ በወረቀት ብቻ ያሉ ኩባንያዎች እርስ በርስ ተበዳደርን ይላሉ፤ የሩሲያ ድርጅት ዋስ ይሆናል፤ ተበዳሪው አልከፍልም ሲል የሞልዶቫ ዳኛ «ዋሱ ይክፈል» ብሎ ይፈርዳል። ያልነበረ ብድር በፍርድ ቤት ማኅተም ይከፈልና ገንዘቡ በላትቪያ ባንክ አድርጎ ዓለምን ያዳርሳል።

እዚህ አገር ኩባንያ በኢንተርኔት ለማስመዝገብ ለዓመታት የሚበቃው 12 ፓውንድ ነበር። መዝገብ ቤቱ የተሰጠው ስም እውነት ይሁን ሐሰት የማጣራት ሥልጣን ያገኘው በ2023 በወጣው ሕግ ነው። ክፍተቱን ለማጋለጥ ብሎ በሚኒስትር ስም ኩባንያ ያስመዘገበ ነጋዴ ግን በ2018 ተከሶ ተቀጣ። ይህን ሁሉ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

እኔ የአንድ የኢትዮጵያውያን እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። አንዲት እናት አርፈውብን አስከሬናቸውን ወደ ደሴ ልንልክ ስንል ባንኩ ሒሳባችንን አገደው። ምክንያቱ ምንድን ነው ስንል «በማጣራት ላይ ነው» ከማለት በቀር መልስ የለም። የእድሩን መዝገብ ይዤ ሄድኩ፤ የእያንዳንዱ አባል ስም፣ የከፈለው 20 ፓውንድ፣ ፊርማው ከነቀኑ ሰፍሯል። የባንኩ ሠራተኛ ገልጦም አላየው። አስከሬኑ ሬሳ ቤት እያለ፣ አንድ ጊዜ ያዋጣውን ሰው እንደገና ለምነን ሸኘናቸው። ልጃቸው ፊት ለመቆም አፈርን።

ሩሲያውያን ጎረቤቶቼን አልወቅስም፤ እነዚህ ሌቦች መጀመሪያ የዘረፉት እነሱን ነው። የምወቅሰው ሕጉን ነው፤ ጠበቃና ሒሳብ አዋቂ ቀጥሮ የመጣውን አሳልፎ፣ ፊርማ የያዘ ደብተር ይዞ የመጣውን የሚያስቆመውን።

ባንክ ሒሳብ ሲያግድ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ ለቀብር የሚወጣ ገንዘብም በቀናት ውስጥ እንዲወሰንለት ያስገድዱ። እነዚያን ኩባንያዎች ካቋቋሙ ደላሎች መካከል ስንቱ ፍርድ ቤት እንደቀረበም ይንገሩን። ሒሳባችን ዛሬም ታግዷል። መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ ለንደን