ለታሪክ ምሽታችን ወንበር እናዋጣ

ውድ ጎረቤቶች፣ ውድ የብሎካችን ልጆች፣

ባለፈው ሰኔ አንዲት እናት በጋራ መገልገያ ቤታችን ተነስተው አወሩ። ከካዛንቺስ ወደዚህ ወደ የካ አባዶ በገቡበት ሳምንት ቡና አፈሉ። የሚጠሩት ሰው አጡ። በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ጠበቁ። አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ብቻቸውን ጠጡ። «ስኒውን ሳጥብ አለቀስኩ» አሉን። ከኋላ ቆማ የነበረች ልጅ እጇን አወጣች። በራቸው ፊት ለፊት ነው የምትኖረው። «እማማ፣ ሽታው እኮ ይመጣ ነበር፤ ማንኳኳት ፈርቼ ነው» አለች። አሁን የእሁድ ቡና የሁለቱ ሆኗል። እኔም አንዳንዴ እጠራለሁ።

የታሪክ ምሽታችን አካሄድ ቀላል ነው። በወር አንድ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። ለምሽቱ አንድ ርዕስ እንመርጣለን። ማውራት የፈለገ ስሙን ጽፎ ቆብ ውስጥ ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት አምስት ደቂቃ ያወራል። የራሱ ታሪክ መሆን አለበት፣ በእርግጥ የሆነ፤ ወረቀት እያዩ ማንበብ አይፈቀድም። የሌላ ሰው ገመና ማውጣትም ክልክል ነው። የኮንዶሚኒየም ቤታችንንም ያገኘነው በዕጣ ነውና ተራውም በዕጣ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ሐሳቡን የወሰድነው ኒው ዮርክ ውስጥ ከተጀመረ ዝግጅት ነው። ጆርጅ ዶውስ ግሪን የሚባል ደራሲ በ1997 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ሳሎኑ ሰብስቦ ጀመረው። ስሙን በእሳት እራት ሰየመው። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት እያለ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በረንዳ ላይ ሲጫወቱ መብራቱን የምትዞረውን እያስታወሰ ነው። እኛስ ድሮ ግቢያችን ከሰል ከበን እንዲሁ አልነበርን?

ችግራችን የምንሰበሰብበት የጋራ ቤት ነው። የተሠራው ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ ነው። አዛውንቶች ጀሪካን ላይ ነው የሚቀመጡት። በዚያው በሰኔው ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የአንድ ጡረተኛ ሹፌር ድምፅ ከሁለተኛው ረድፍ አላለፈም። ልጃቸው ስለሞተበት ቀን እያወሩ ነበር። መሐል ላይ አቁመው ተቀመጡ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የሚያስፈልገን ኮርኒስ፣ 50 የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ስፒከር ከሁለት ማይክ ጋር ነው። ስፒከሩ በቻርጅ የሚሠራ መሆን አለበት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር መበተን ሰልችቶናል። ለሁሉም 180 ሺህ ብር ይበቃናል። 64 ሺውን ነዋሪው አዋጥቷል።

የቻለ የአንድ ወንበር ዋጋ ይስጥ። መቶ ብርም ብትሆን በደስታ እንቀበላለን። አናጢና ኤሌክትሪሺያን የሆናችሁ አንድ ቀን ጉልበታችሁን ስጡን። ውጭ ያላችሁ ልጆቻችን ደግሞ፣ እናት አባቶቻችሁ እዚህ ከእኛ ጋር ናቸው። ስትደውሉ በታሪክ ምሽት ምን እንዳወሩ ጠይቋቸው፤ ከዚያ በአቅማችሁ አግዙን። ገንዘቡን የሚቀበለው የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ወጪው በሙሉ በጋራ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል።

ኮርኒሱን እስከ ጳጉሜን ለመጨረስ አስበናል። የመስከረሙ ርዕስ «ቁልፍ» ነው። ስማችሁን ቆቡ ውስጥ ለመጣል 11 ሰዓት ላይ ድረሱ።