የድምፅ መስጫ ዲስትሪክታችንን እንይ፤ ቅዳሜ እንገናኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንገናኘው በፍርድ ቤቱ ውሳኔ መሠረት በየትኛው የካውንስል ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) ውስጥ እንዳለን አብረን ለማየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሜሪላንዱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ካውንስል (ምክር ቤት) ኖቬምበር 2021 አዲስ የዲስትሪክት ካርታ አጽድቆ ነበር። ግን ያጸደቀው በሬዞሉሽን፣ ማለትም በካውንስሉ የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ነው። እንደ ሕግ ቢወጣ ኖሮ ለካውንቲ ኤግዚኪዩቲቭ (ለካውንቲው አስተዳዳሪ) ይቀርብ ነበር፤ ቪቶ የማድረግ፣ ማለትም ውድቅ የማድረግ ዕድልም ይኖር ነበር። ነዋሪዎች ከሰሱ፣ አሸነፉ። ማርች 7፣ 2022 የሜሪላንድ የይግባኝ ፍርድ ቤትም አጸናላቸው። ስለዚህ የሚሠራው የዲስትሪክት ድንበር እንዲያጠና የተሰየመው ኮሚሽን ያዘጋጀው ካርታ ነው። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል፤ የካውንስሉ ካርታ መስመሩ ተጠማዞ ተጠማዞ ሰፈር ከሰፈር የሚለይ ነበር።

ስብሰባው ቅዳሜ ማርች 26፣ 2022፣ ከሰዓት በኋላ 4:00 ላይ፣ እንደተለመደው በላይብረሪው መሰብሰቢያ ክፍል ነው። በሐበሻ 10 ሰዓት ማለት ነው፤ ባለፈው በጠዋት መጥታችሁ በር ላይ የቆማችሁ፣ ይቅርታ።

የመራጭነት ካርዳችሁን ያዙ። የጠፋበት መታወቂያውን ይዞ ይምጣ፣ በስልክ እናየዋለን። ቤት የቀየራችሁ አድራሻችሁን ሳታስተካክሉ አትቆዩ። ፕራይመሪው (ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ወደ ጁላይ 19፣ 2022 ተገፍቷል፣ ጊዜ አለ።

አንድ የምንወስነው ነገርም አለ፦ የካውንስል ዕጩዎችን እንጋብዝ ወይስ አንጋብዝ?

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «እመጣለሁ» ብላችሁ ከነዚፕ ኮዳችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።