የደለልና የከርሰ ምድር ውኃ ናሙና አወሳሰድን በተመለከተ

ውድ አባላት፣

የዩራኒየም ናሙና ለመውሰድ ወደ መስክ ከመውጣታችን በፊት በተለይ የውኃው ነገር ስላሳሰበኝ ነው የምጽፍላችሁ። ዩራኒየም ኦክስጅን ባለበት ውኃ ይሟሟል፤ ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮም ከምንጩ ርቆ ይጓዛል። ኦክስጅን ሲጠፋ ግን መልሶ ይዘቅጣል። ስለዚህ ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ)፣ የተሟሟ ኦክስጅንና አልካሊኒቲ (ውኃው አሲድን የማርከስ አቅሙ) እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ይለኩ፤ ያለ እነሱ የላቦራቶሪው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረንም። መጀመሪያ የቆመውን ውኃ አውጡ፣ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አጣሩ፣ ናይትሪክ አሲድ የምትጨምሩት ከዚያ በኋላ ነው። አሲዱ ከቀደመ በብናኙ ላይ የተጣበቀው ዩራኒየም ይሟሟና ያሳስተናል።

ደለሉን ከወራጁ ውኃ መካከል፣ ከተለያዩ ነጥቦች ሰብስቡ፤ ከዳር የተናደ አፈር አይግባበት። ብስባሽ የበዛበት ጥቁር ደለል ዩራኒየም ስለሚይዝ ይመዝገብ። ዩራኒየምና ቶሪየም የሚይዙት ሞናዛይትና ዚርኮን የተባሉ ማዕድናትም የዩራኒየሙን ቁጥር ከፍ ያደርጋሉ፤ እነሱን ለመለየት ቶሪየም አብሮ እንዲለካ እጠይቃለሁ።

የመስክ ሥራ አስተባባሪ